ደም ለምን እንዳልረጋ ደሴ ላይ ይታወቅ

ሄሞፊሊያ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ከእናት የሚወረሰውን፣ ወንዶች ልጆችን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ የሚያሠቃየውን በሽታ ነው። ሌላም ዓይነት አለ። ዕድሜውን ሙሉ ደሙ በወጉ ሲረጋለት የኖረን ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ድንገት ይይዛል። ሰውነት ተህዋሲያንን ለመከላከል የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል በራሱ ላይ ይነሳና ደምን ከሚያረጉት ፕሮቲኖች አንዱን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋክተር 8 የሚባለውን፣ ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ያን ጊዜ ቆዳ ሳይመታ ይበልዛል፣ ጡንቻ ውስጥ ደም ይቋጥራል፣ መርፌ የተወጋ ቦታ መድማቱን አያቆምም። ይበልጥ የሚጠቁት አረጋውያንና በቅርብ የወለዱ እናቶች ናቸው። ከታማሚዎቹ በግማሽ ያህሉ ላይ መነሻው አይገኝም፤ በቀሩት ላይ ካንሰር፣ እንደ ሉፐስ ያለ ሕመም፣ ወሊድ ወይም መድኃኒት ይጠቀሳል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይህን በሽታ የመጠርጠርና የመለየት አቅም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሊኖር ይገባል፣ ሊኖርም ይችላል የሚል ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ በሽታው ብርቅ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። በብሪታኒያ በ2 ዓመት ውስጥ የተገኙት ታማሚዎች 172 ነበሩ፤ ይህም በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው ወደ 1.5 ገደማ ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደሴና ኮምቦልቻ የሚገኙበት የደቡብ ወሎ ዞን ነዋሪ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ስለነበር በዚያው ስሌት ዞኑ በዓመት ሦስት አራት ታማሚ ሊኖረው ይችላል። ስሌቱ ግን እንዳለ አይወሰድም። የብሪታኒያ ታማሚዎች አብዛኞቹ ሰባውን ያለፉ ስለሆኑና የእኛ ሕዝብ ወጣት ስለሆነ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል። በአንጻሩ እዚህ የሚወልዱ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችም ብዙዎቹ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው። በወላዶች ላይ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው ደግሞ ከወሊድ በኋላ ሳምንታት ወይም ወራት አልፈው፣ አራስነቱ ካበቃና ሐኪሙም ቤተሰቡም ወሊዱን ከረሱት በኋላ ነው። የእናቲቱ እግር መበለዝ ከመውደቅ፣ ከድካም ወይም ከዱላ የመጣ ይመስላል። ያልተመረመረ በሽታ ስለማይቆጠር፣ የቁጥሩን ማነስ ላለመመርመር ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ለመለየት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ፒቲ እና ኤፒቲቲ የሚባሉት፣ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩ ምርመራዎች ይሠራሉ። ፒቲው ደህና ሆኖ፣ የፕላትሌቱም ቁጥር ሳይጎድል፣ ኤፒቲቲው ብቻ ከተራዘመ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ቀጥሎ የታማሚው ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከጤነኛ ሰዎች ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። የጎደለው ፋክተር ብቻ ቢሆን ከጤነኛው የመጣው ይተካውና ጊዜው ይስተካከላል፤ ፀረ እንግዳ አካል ካለ ግን የመጣውንም ያጠፋዋል። የፋክተር 8 ጠላት ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ድብልቁ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ2 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ወዲያው አይቶ "ተስተካክሏል" ብሎ መተው ያሳስታል። ጤነኛውን ፕላዝማ የደሴ ደም ባንክ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የላብራቶሪ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው እዚያው ደሴ ነው። የፋክተሩን መጠን ለክቶ ማረጋገጥ የላቀ ላብራቶሪ ይጠይቃል። ለዚያ ግን ናሙናው በበረዶ ታሽጎ ይሂድ እንጂ እየደማ ያለ ሰው 400 ኪሎ ሜትር እስከ አዲስ አበባ አይጓዝ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ተይዘው የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ ብዙ መሠረታዊ ነገር በጎደለበት አገር ለብርቅ በሽታ ማሰብ ቅንጦት አይደለም ወይ? ምርመራው ለዚህ በሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ "ነው" ይሆን ነበር። ፒቲ ግን በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የደም መርጋትን የሚቀንሰውን ዋርፋሪን ለሚወስዱ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ መጠኑን መወሰን አደገኛ ነው። ጉበታቸው ለተጎዳ፣ በወሊድ ደማቸው ለሚፈስ፣ በከባድ ኢንፌክሽን ለተያዙም ሁለቱ ምርመራዎች ይፈለጋሉ። የተዘረፈን ላብራቶሪ መልሶ የሚያደራጅ ሰው የደም መርጋት ምርመራን ከግዥው ዝርዝር ሊያስቀር አይገባም።

ሕክምናው ውድ ነው የሚለው ደግሞ ከፊሉ ልክ ነው። መድማቱን የሚያስቆሙት ልዩ ፋክተሮች ዋጋቸው ከብዙዎቻችን አቅም በላይ ነው፤ ለእነሱ የሚከፍለው ታማሚው ሳይሆን መንግሥት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የበሽታውን ሥር የሚመታው ግን ፕሬድኒሶሎን የተባለው ርካሽና የታወቀ መድኃኒት ነው። በ501 የአውሮፓ ታማሚዎች መዝገብ እሱን ብቻ ከወሰዱት 48 በመቶው፣ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ ሌላ መድኃኒት ከተጨመረላቸው ደግሞ 70 በመቶው በሽታው ለቋቸዋል። ምርመራው ከሚደረጉት ነገሮች ያልተናነሰ የማይደረጉትንም ያሳውቃል፦ ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋም፣ የቋጠረው ደም እንደ እባጭ አይበጣም፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ፋክተሩን ስለሚያጠፋው ለሌላ ሰው የሚሆን የፕላዝማ ከረጢት አይባክንም። ሕክምናው አደጋም አለው። በጀርመንና በኦስትሪያ በ102 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከመድማት ይልቅ ብዙ ሰው የገደለው ኢንፌክሽን ነበር፤ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የቲቢ ስርጭት ባለበት አገር ያለ ምርመራና ያለ ክትትል አይሰጥም። ክትትሉም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ኤፒቲቲን ደጋግሞ ማየት ይጠይቃል። ከዞኑ ወረዳዎች ከተንታ ወይም ከወረኢሉ የመጣ ገበሬ ለዚህ ደሴ ሊመላለስ ይችል ይሆናል፤ አዲስ አበባ ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚሄደው ከብቱን ሸጦ ነው።