ለመቅመስ ዲፕሎማ አያሻም

«ወይን ጠጅ የማያውቅ ሼሪ አይንካ፤ በረዶ መጨመርማ ነውር ነው» ለሚሉን ሊቅ ነን ባዮች መልስ አለን። የስፔኑ ሼሪ በተለምዶ የወይን አረቄ ተጨምሮበት አልኮሉ 15 በመቶና ከዚያ በላይ የሚደርስ ወይን ጠጅ ነው። ከስኳር፣ ከብርቱካንና ከበረዶ ጋር ሲናጥ «ሼሪ ኮብለር» ይባላል፤ አሜሪካዊው ጄሪ ቶማስ አሠራሩን በ1862 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ አሳትሞታል። ታዲያ ነውሩ የቱ ላይ ነው? እኛ ጀማሪዎች በቀሰም ቀመስነው፤ መጀመሪያ ብርቱካኑ፣ ቀጥሎ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ የሚለው የሼሪው ቃና መጣልን። ቅዝቃዜው ያዘናጋል፤ ጉልበቱ ግን እዚያው ነው፤ ቀስ ማለት ነው። ለመሆኑ ጠጅ በብርሌ ስናነሳ ዲፕሎማ የጠየቀን ማን አለ? ምላስ የሚሠለጥነው በመቅመስ እንጂ በመሸማቀቅ አይደለም!