የአንሳልዶ ኩባንያ ታሪክ፤ ከጄኖቫ እስከ ኦጋዴን

አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ መርከብና የባቡር ሎኮሞቲቭ በመሥራት በዓለም የታወቀ ነበር። ወደ ኦጋዴን በረሃ ግን መርከብም ሎኮሞቲቭም አልላከም፤ በ1928 ዓ.ም. ወደ ጅጅጋ አቅጣጫ የመጣው የእጁ ሥራ ታንክ ነበር። ለመሆኑ ይህ ኩባንያ ማን ነው? አነሣሡ እንዴት ነበር? መጨረሻውስ ምን ሆነ? (ከዚህ በታች የሚነበበው ዘመን፥ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው በጄኖቫ አጠገብ በምትገኘው በሳምፒየርዳሬና ነው። የፒዬሞንቴ መንግሥት የምድር ባቡር ሲዘረጋ ሎኮሞቲቩን የሚገዛው ከእንግሊዝ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካቩር የአገሩ ገንዘብ ወደ ውጭ መፍሰሱ ቢያስቆጨው፥ ይህን ሥራ በአገር ውስጥ የሚሠራ ፋብሪካ እንዲቋቋም ገፋፋ። ስለዚህ በ1853 አራት ሰዎች ተባብረው አንድ የከሰረ የብረታ ብረት ፋብሪካ ተረከቡ። ለኩባንያው ስሙን የሰጠው ጆቫኒ አንሳልዶ መሐንዲስና የሂሳብ መምህር ነበር። እርሱ በ1859 ሞተ፤ ስሙ ግን ከርሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በብረት ላይ ሲታተም ኖረ።

ከሸሪኮቹ አንዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ራፋኤሌ ሩባቲኖ የመርከብ ከበርቴ ነበር። በ1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው የቀድሞ ሚሲዮናዊ የአሰብን የባሕር ዳር የገዛው በዚሁ ሰው ኩባንያ ስም ነው። ቦታው ለመርከቦች ማረፊያ ነው ተባለ። በ1882 ግን የኢጣልያ መንግሥት ከኩባንያው ላይ ወሰደው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ምጽዋ ተያዘች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን፥ ዐድዋ ላይ የደረሰውንም፥ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ፋብሪካው በበኩሉ እየሰፋ ሄደ። ሎኮሞቲቭ ሠራ፤ በሴስትሪ ፖኔንቴ የመርከብ መሥሪያ አቆመ። ለአርጀንቲና ብሎ የጀመራቸው ሁለት የጦር መርከቦች በመጨረሻው ለጃፓን ተሸጡና ካሱጋና ኒሺን ተብለው በ1905 በሹሺማ የባሕር ጦርነት ላይ ከሩስያ ጋር ተዋጉ። በ1904 ገደማ ኩባንያው በፔሮኔ ቤተ ሰብ እጅ ገባ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ መድፍ እየሠራ ከልክ በላይ አበጠ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ መድፉን የሚገዛ ጠፋ። በ1921 መጨረሻ ብድር ይሰጠው የነበረው ባንክ ሲወድቅ ኩባንያውም አብሮ ተንገዳገደ፤ በኋላም መንግሥት በእጁ አደረገው።

አሁን 1933ን እንመልከት። በዚያ ዓመት አንሳልዶ የሠራው ሬክስ የተባለው ታላቅ የመንገደኞች መርከብ አትላንቲክን ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ አቋርጦ የፍጥነትን ክብር ወሰደ። በዚያው ዓመት ይኸው ኩባንያ ከፊያት ጋር ሆኖ የሠራው ትንሽ ታንክ ለኢጣልያ ጦር ተመረጠ። ክብደቱ ከሦስት ቶን እምብዛም አይበልጥም፤ ቁመቱ ከአንድ ጎልማሳ ደረት አያልፍም፤ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። እንደ ሌላ ታንክ የሚሽከረከር ራስ ስለሌለው መትረየሱ ፊት ለፊት እንጂ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አይተኩስም።

የጅጅጋ ሰው ያን ጊዜ ሎኮሞቲቭ ለማየት እስከ ድሬዳዋ መሄድ ነበረበት። የጂቡቲ ባቡር በደወሌ፥ በአይሻና በሽንሌ አልፎ በ1902 ድሬዳዋ ሲገባ ሐረርንና ጅጅጋን ወደ ጎን ትቷቸዋል። ታንኩ ግን ሐዲድ አላስፈለገውም። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር በቆራሔ ላይ ዘመተ፤ ቦታውን ይከላከሉ የነበሩት ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ቆስለው ሞቱ፥ ከሞቱም በኋላ ደጃዝማች ተባሉ። ከዚያ የኮሎኔል ማሌቲ ጦር ታንኮቹን አስቀድሞ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ኅዳር 1 ቀን አናሌ ላይ ግን የኛ ወታደሮች በቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጠው ጠበቁት። ታንኩ የጎኑን ማየት አይችልምና ከጎንና ከኋላ ቀርበው ከታንኮቹ አንዳንዶቹን ከጥቅም ውጭ አደረጉ፤ ማሌቲም ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ጅጅጋ መጥተው በደጃዝማች ነሲቡ ሥር ያለውን ጦር ጎበኙ። በታኅሣሥም በተከዜ በኩል ደምበጉና ላይ ይኸው ታንክ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው።

እውነቱን እንናገር ካልን፥ ጦርነቱን የወሰነው ይህ ታንክ አይደለም፤ አውሮፕላኑና የመርዙ ጋዝ ናቸው። ጅጅጋና ሐረር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ በጠላት እጅ ወደቁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ኩባንያው መርከብ መሥራቱን ቀጠለ። በ1956 ከስዊድን መርከብ ጋር ተጋጭታ የሰጠመችው አንድሬያ ዶሪያ የርሱ ሥራ ነበረች። በ1966 የመርከብ መሥሪያው ተለይቶ ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። በ1993 ደግሞ አንሳልዶ ራሱ በፊንመካኒካ ውስጥ ተዋጠ፤ የባቡሩ ክፍል በ2015 ለጃፓኑ ሂታቺ ተሸጠ። ስሙን ዛሬ ይዞ የቀረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሣሪያ የሚሠራው አንሳልዶ ኤነርጂያ ነው።

በዚህ በእኛ አካባቢ ዕድሜ ያገኙት በ1938 ለኤርትራ የምድር ባቡር የሠራቸው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ናቸው። ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ መንኰራኵሮቻቸው በሁለት ክፍል ተከፍለው፥ በመዞሪያው ላይ የፊተኛው እየታጠፈ እንዲሄድ ሆነው ተሠርተዋል። መስመሩ በጦርነት ተቋርጦ ኖሮ ከ1994 ጀምሮ እንደገና ሲጠገን፥ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሠራተኞች ተጠርተው እነዚህን ሎኮሞቲቮች አስነሡዋቸው።