አርባ ዓመት በረዶ መለካት

በእኛ ትውልድ ዘንድ ጎበዝ ማለት ቶሎ የደረሰ ሰው ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ ድርጅት የከፈተ፣ በሠላሳ ዓመቱ ሦስት ሙያ የቀየረ። አርባ ዓመት አንድ ጉዳይ ላይ የከረመ ሰው ሲነገረን ግን «ምስኪን!» ብለን እናልፋለን። ዛሬ ለእንዲህ ዓይነቱ «ምስኪን» ጥብቅና ልንቆም ነው።

ዶክተር ክሌር ፓርኪንሰን ይባላሉ፤ አሜሪካዊት የአየር ንብረት ተመራማሪ ናቸው። መጀመሪያ ሒሳብ ተማሩ፣ ከዚያ ወደ አየር ንብረት ጥናት ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የናሳን ጎዳርድ የሕዋ በረራ ማዕከል ተቀላቀሉ። ጉዳያቸው የባሕር በረዶ ነው፤ በሁለቱ ዋልታዎች ባሕሩ ራሱ ሲቀዘቅዝ የሚሠራው ተንሳፋፊ በረዶ።

በዚያው ዓመት ኒምበስ 7 የተባለች ሳተላይት መጠቀች። በረዶና ውኃ የሚያወጡት የማይክሮዌቭ ጨረር ይለያያል፤ ሳተላይቷ ይህን ስለምትለካ ደመናም ሆነ ለወራት የሚዘልቀው የዋልታ ጨለማ አያግዳትም። ከዚያ ወዲህ አንዷ ሳተላይት ስታረጅ ሌላዋ እየተተካች ልኬቱ ቀጥሏል።

በረዶው ሰፋ ጠበበ፣ ለእኛ ምናችን ነው? ብዙ ነው እንጂ! በረዶ ነጭ ስለሆነ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ወደ ሕዋ ይመልሳል። በረዶው ሲሄድ የሚተካው ጥቁር ባሕር ግን ብርሃኑን ውጦ ይሞቃል። የሞቀ ባሕር ደግሞ ተጨማሪ በረዶ ያቀልጣል።

የሰሜኑ ዋልታ ታሪክ ግልጽ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሴፕቴምበር ወር 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው በረዶ በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። ደቡቡ ግን አስቸገረ። ምድር እየሞቀች የአንታርክቲካ የባሕር በረዶ ለዓመታት ቀስ በቀስ ሰፋ። የምድርን መሞቅ የሚክዱ ሰዎች ይህንን እንደ ማስረጃ መዘዙት። ፓርኪንሰንና ባልደረቦቻቸው ምን አደረጉ? ያዩትን እንዳዩት ጻፉ። ሰፍቷል፣ ሰፍቷል አሉ።

በ2014 በረዶው ከፍተኛው ላይ ደረሰና ተገለበጠ። የዓመቱ አማካይ ስፋት ከ12.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በ2017 ወደ 10.7 ሚሊዮን ወረደ። በሦስት ዓመት የኢትዮጵያን እጥፍ የሚያህል በረዶ ጠፋ ማለት ነው። በ2019 ፓርኪንሰን የ40 ዓመቱን መዝገብ ለብቻቸው አሳተሙ፤ የደቡቡ ቅነሳ ፍጥነት ከሰሜኑ እጅግ እንደሚበልጥ አሳዩ። በ2023 ደግሞ የደቡቡ በረዶ ከዚያም ወረደ።

እንግዲህ አስቡት። ልኬቱ በ35ኛው ዓመት «ይበቃል» ተብሎ ቢቆም ኖሮ ዓለም የደቡቡ በረዶ እየሰፋ ነው ብሎ ደብተሩን ይዘጋ ነበር። ተመራማሪዎቹም የማይመቸውን ቁጥር ሸፋፍነው ቢሆን ኖሮ በ2019 ቀነሰ ሲሉ ማን ያምናቸው ነበር?

«አንድ ቦታ መቀመጥማ ድንጋይም ይቀመጣል» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ መቀመጥ ብቻውን አያስመሰግንም። ሴትዮዋም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ2002 የመጠቀችውን አኳ የተባለች ሳተላይት በሳይንስ በኩል የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ለ6 ዓመት የታሰበችው አኳ ከ20 ዓመት በላይ ሠርታለች። እኛ የምናደንቀው ወንበሩን ሳይሆን ጥያቄውን አለመልቀቃቸውን ነው።

የሚያሳስበን ሌላም አለ። እንዲህ ያለ መዝገብ በአንድ ሰው ጽናት ብቻ አይቆምም፤ በጀት የሚመድብ ይፈልጋል። በ2025 የአሜሪካ መከላከያ ለዚሁ ልኬት የሚያገለግለውን የሳተላይት መረጃ ሊያቋርጥ መሆኑ ተነግሮ ተመራማሪዎች ደንግጠው ነበር። በኋላ ውሳኔው ቢቀለበስም መዝገቡ በምን ያህል ቀጭን ክር እንደተንጠለጠለ አይተናል። የተሰበረ መሣሪያ ይተካል፤ ሳይለካ ያለፈ ቀን ግን ተመልሶ አይለካም።

እኛም ዘንድ በየጣቢያው ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያ እያነበበ የሚመዘግብ ሰው አለ። ስሙን ማንም አያውቀው ይሆናል፤ ስለ ድርቅ ስንከራከር የምንመዘው ቁጥር ግን የእሱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ደመወዙም ክብሩም ይስተካከልለት እንላለን። ከእኛ መካከልም አንዱ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ብናገኘው «አሁንም እዚያው ነህ እንዴ?» ብለን አናሳቀው። እስካሁን ምን እንዳየ እንጠይቀው።