ልክ እንደ አባትህ

«ምነው ዛሬ ፊትሽ ጠቆረ? ጾሙ ጠናብሽ እንዴ?» አለችኝ ወዳጄ፣ አቦሉን ቀድታ እያቀበለችኝ። ከቅዳሴ ወጥተን ቤቷ ገብተናል፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

«ጾሙንስ ለምጄዋለሁ። 55ቱን ቀን ሆዴን እችለዋለሁ፤ ያቃተኝ አፌ ነው» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ትናንት ማታ ተራችን ደረሰ። የ11 ዓመት ልጄን «በርሜሉ ሲሞላ ቧንቧውን ዝጋ» ብዬው ሽሮዬን ላማስል ገባሁ። እሱ ደብተሩን ጭኑ ላይ እንደያዘ እንቅልፍ ጣለው። ማዕድ አቅርቤ ብወጣ በርሜሉ ሞልቶ፣ ግቢው ኩሬ ሆኖ፣ ውኃው በጎረቤት በር ሥር እየገባ ነው። ልጁን ቀስቅሼ እየጎተትኩ ቤት አስገባሁትና «ልክ እንደ አባትህ! አንተም እንደሱ ለምንም ሳትሆን ትቀራለህ» አልኩት።

አባቱ ገበታው ላይ ተቀምጧል። ልጁ አላለቀሰም። ቀና ብሎ አባቱን አየው፤ «እውነት እንደዚያ ነህ እንዴ?» የሚል አስተያየት። እንቅልፍ የነሣኝ ያ አስተያየት ነው። አባቱ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበና ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ወዳጄ ነገሩን አቃለለችው። «እናት ብትቆጣ ምን አለበት? እኛስ እየተሰደብን አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?»

«ምን እንደሆንን ልንገርሽ? ልጅ ሳለሁ የመጀመሪያ እንጀራዬን ከምጣዱ ሳወጣ ተቀደደብኝ። አንዲት የቤታችን ትልቅ ሴት አይተው ‹ተዉአት፣ የዚች እጅ ሙያ አይወጣውም› አሉ። እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ ማጀቴ ውስጥ አለ። እንግዳ ወጡን ሳይቀምስልኝ ‹ይቅርታ፣ ጨው ሳይበዛበት አይቀርም› የምለው ለምን ይመስልሻል?»

«እውነትም ሁልጊዜ ትያለሽ» አለች ቀስ ብላ። ሲኒዬን ተቀብላ ቶናውን ቀዳች።

የእግዚአብሔርን ቃል ደግሞ አልሰማንም አንልም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ ምላስ ሲጽፍ የፈረስ ልጓምን፣ የመርከብ መሪን፣ ጫካ የሚያነድ ትንሽ እሳትን ያነሣል። እኔን የሚወጋኝ ግን ወረድ ብሎ ያለው ነው፤ አምላክን የምናመሰግንበት አፍ፣ እሱ በአምሳሉ የፈጠረውን ሰው መርገሚያ መሆኑን ይወቅሳል። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ የወጣሁበት አፍ ነው ማታ ያንን የተናገረው። ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ያዛል፤ ምክንያቱም የልጁ ልብ እንዳይዝል ነው። በሮም ሕግ አባት በልጁ ላይ እጅግ ሰፊ ሥልጣን በነበረው ዘመን፣ ስለ ልጅ ልብ የሚጨነቅ ሰው መገኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

«ታዲያ ሲያጠፉ ዝም ልንላቸው ነው?»

«ለምን ዝም ትያለሽ? ‹ውኃው ፈሰሰ፣ ተነሥና መጥረጊያውን አምጣ› ማለት ቁጣ ነው፤ ውኃው ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ‹እንደ አባትህ ነህ› ያልኩት ግን ስለ ውኃው አይደለም፣ ስለ ደሙ ነው። ደሙን በምን ይጠርገው?»

«የእኔው ሰውዬ ደግሞ አይሳደብም፤ ሳምንት ሙሉ ማኩረፍ ነው» አለች። እሱም ከስድብ አይሻልም፣ አልኳት። በየቀኑ ባሏ እያዋረዳት «ታገሺ» የሚሏት ሴት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሷን «አፍሽን ጠብቂ» ብሎ መምከር ግፍ ነው፤ መመከርም መገሠጽም ያለበት እሱ ነው።

«ዛሬ ቅዳሴው ውስጥ ቆሜ ልቤ እዚያ አልነበረም» አልኳት። «ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው አንደበትንም ጹም ይለዋል። ጌታም በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ስለ መግደል ተናግሮ ሳይጨርስ ወንድሙን ስለሚሰድብ ሰው ያነሣል። ወዲያው ደግሞ መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። እኔ ስቅለት ሲመጣ ጥብጣቤን ተቀብዬ የታዘዝኩትን እሰግዳለሁ። መስገዱ አይከብደኝም። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ነው የሚከብደው፤ እኛ ቤት ወላጅ ለልጁ ‹ይቅር በለኝ› ሲል አይቼ አላውቅም።»

«ጠየቅሽው ታዲያ?»

«ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ‹የትናንቱ ውሸት ነው። አባትህን በመምሰልህ ደስ ይለኛል። ይቅር በለኝ› አልኩት። ቀና ሳይል ‹እሺ› አለኝ። አንዱን ማሰሪያ ሁለቴ ፈትቶ ሁለቴ ቋጠረው።»

«ለአባቱስ?»

«ለእሱ ገና ነኝ። ያዋረድኩት ልጁ ፊት ነው፤ የምጠይቀውም ልጁ ፊት ነው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይገባል።» ነጠላዬን አነሣሁ።

«በረካውን ሳትጠጪ?»

«ሳይገባ ልድረስ» አልኳት።