ስለ ሕዝብ ጤና የመሥሪያ ቤቶች መተባበር

የሕዝብ ጤና የመንግሥት ታላቅ ሀብት መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ይህን ሀብት የመጠበቁ ሥራ ለሐኪሞች ብቻ የተተወ ሲመስል ይታያል። ሐኪም ሰውን የሚያገኘው ከታመመ በኋላ ነው፤ በሽታው የሚነሣበት ስፍራ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሥር ነው። በከተሞች የታየው አዲሱ የወባ ነገር ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

ወባ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺሕ ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። የቀድሞው ወባ ይበልጡን የቆላ ገጠር በሽታ ሲሆን፣ አስተላላፊዋ ትንኝ ዝናም ባቆረው ውኃ ስለምትራባ ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል። በዚሁ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ግን በቀብሪ ደሃር ከተማ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ ትውልዷ ከእስያ የሆነ ሌላ ትንኝ ተገኘች። ይህችኛዪቱ በከተማ መካከል በበርሜልና በታንከር፣ ለሕንፃ ሥራ በተቆፈረም ጉድጓድ ትራባለች፤ በበጋም አትጠፋም፤ ብዙዎቹ ፀረ ተባይ መድኃኒቶችም አይበግሯትም። በ2022 ዓ.ም. በድሬዳዋ ወባ በበጋ ወራት በተነሣ ጊዜ መርማሪዎች በበሽተኞቹ አካባቢ በብዛት ያገኙት ይህችኑ ትንኝ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን መመርመር ይገባል። ሕዝቡ በበርሜል ውኃ የሚያጠራቅመው ቧንቧው ስለሚቋረጥበት ነው፤ ይህ የውኃ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ጉድጓዱን ሳይደፍን የሚተወውን ሠሪ የሚቈጣጠር ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ትንኟ የከብትንም ደም ስለምትመጥ የእርሻ መሥሪያ ቤት ባለሙያም ያስፈልጋል። የጤናው መሥሪያ ቤት ብቻውን መድኃኒት ቢያድልና አጎበር ቢያከፋፍል፣ ምንጩን ሳይደፍን ጅረቱን እንደሚቀዳ ሰው ይሆናል።

በሕንድ አገር የቦምቤ ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት በዚህችው ትንኝ ተቸግራ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ የውኃ ጉድጓዶች እንዲከደኑ ባዘዘ ጊዜ፣ ለእምነታቸው ሥርዓት ከጉድጓድ የሚቀዱ ሰዎች ስለ ነበሩ ክርክር ተነሣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትእዛዝ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሃይማኖት አባቶችም ምክር እንደሚያስፈልግ ነው። በየአጥቢያው የሚገኘው የጠበል ማጠራቀሚያ፣ በየመስጊዱም ያለው የመታጠቢያ ውኃ ክዳን እንዲኖረው አባቶች ቢያስተምሩ፣ ከደንብ አስከባሪ ይልቅ ይሰማሉ።

መተባበር ግን በስብሰባና በፊርማ ብቻ አይፈጸምም። የሁሉ የተባለ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራልና፣ በየከተማው ሥራውን የሚያስተባብር አንድ ኃላፊ ሊታወቅ፣ የየመሥሪያ ቤቱም ድርሻ በየራሱ በጀት ሊጻፍ ይገባል። የበሽተኞች ቍጥር በየሰፈሩ ተለይቶ ለውኃውና ለማዘጋጃ ቤቱ ቶሎ ይድረስ። ትንኟ በሞቃት አገር ከእንቍላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሁለት ሳምንት እንኳ ላይፈጅባት ስለሚችል፣ በወር አንድ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ዘግይቶ መድረስ ነው፤ በየሳምንቱ ሊሆን ያስፈልጋል።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ትንኝ የመሥሪያ ቤቶችን ወሰን አታውቅም፤ እርሷን ለማጥፋት የተሾሙትም ወሰናቸውን ለጠብ ሳይሆን ለመረዳዳት ያድርጉት።