ጸሐፊ ቆም ብሎ ይጠይቅ ዘንድ ይፈቀድለት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የንግድ ቤቶቻችን ሒሳብ ከወረቀት ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ መሄዱን ሁላችንም የምናየው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ ለመክፈል ባንክ ቤት ተሰልፎ መዋል ለብዙ ሰው ቀርቷል። ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፉ ነጋዴዎችም የፔይፓልን ስም በሚገባ ያውቁታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘብ በሚጓዝበት መንገድ ሁሉ ሌባም ይጓዛልና፣ በነዚህ ድርጅቶች ስም ስለሚጻፉት የሐሰት ደብዳቤዎች፣ የንግድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ መጠን፣ አሳቤን ለክቡራን አንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

የሐሰቱ ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ጠባዩ አንድ ነው። የኩባንያው ዓርማ በራስጌው ይታያል፤ «ሒሳብዎ ታግዷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ይዘጋል» ይላል። ወይም ያልተገዛውን ዕቃ እንደ ተገዛ ቈጥሮ «ይህን ክፍያ እርስዎ ካላዘዙት ከዚህ በታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ» ይላል። ሊንኩን የተጫነ ሰው እውነተኛውን ድረ ገጽ ከሚመስል ሌላ ገጽ ላይ ይደርሳል፤ እዚያም የጻፈው የይለፍ ቃል በቀጥታ ከሌባው እጅ ይገባል። በስልክ የሚመጣውም ማታለል የዚሁ ወንድም ነው፤ «በስሕተት ብር ልኬልዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚለው መልእክትና የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቀው ጥሪ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

ሐሰቱ የሚታወቅበት ምልክት የለውም ማለት አይደለም። የፔይፓል ሒሳብ የሌለው የንግድ ቤት «ሒሳብዎ ታግዷል» ሲባል፣ ነገሩ ከመነሻው ውሸት መሆኑ የታወቀ ነው። ፔይፓል ለደንበኞቹ ሲጽፍ በሙሉ ስማቸው ወይም በንግድ ቤታቸው ስም እንደሚጠራቸው ራሱ ያሳስባልና፣ «ውድ ደንበኛ» ብሎ የሚጀምረውን መጠርጠር ይገባል። ከሁሉ በላይ የላኪውን አድራሻ መመርመር ያስፈልጋል። በፊት ለፊት የሚታየውን ስም ላኪው እንደ ወደደ ሊጽፈው ይችላል፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል የለምን? አድራሻውን እንደ ሰው ስም ብንቈጥረው፣ «ነጥብ ኮም» ከሚለው አስቀድሞ የተጻፈው የአባት ስም ነው። «ፔይፓል» የሚለው ቃል ከፊት ቢገባና ከ«ነጥብ ኮም» በፊት ሌላ ስም ቢገኝ፣ ደብዳቤው የዚያ የሌላው ልጅ ነው። አንዳንዱም አታላይ በላቲኑ «ኤል» ፊደል ፈንታ የ1ን አኀዝ ያስገባል፤ ዓይን ቸኩሎ ሲያነበው ልዩነቱ አይታወቅም።

ሆኖም ምልክት ማወቅ ብቻ አይበቃም። አታላዮች በፔይፓል በራሱ አገልግሎት የሐሰት ኢንቮይስ የሚልኩበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የላኪው አድራሻ እውነተኛ ነው፤ ውሸቱ ያለው በማስታወሻው ላይ በተጻፈው የስልክ ቁጥር ነው። ስለዚህ የማያሳስተው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ደብዳቤውን ራሱ ደብዳቤው ባቀረበልን መንገድ አለማረጋገጥ ነው። ማረጋገጥ የሚገባው አስቀድመን በምናውቀው ስልክ፣ በራሳችን እጅ በጻፍነው የድረ ገጽ አድራሻ ወይም ቀድሞ በስልካችን ላይ በጫንነው መተግበሪያ ነው።

ለዚህ ትልቅ ምስክር የሚሆነን በ2001 ዓ.ም. በብሔራዊ ባንካችን ሒሳብ ላይ የተፈጸመው ማታለል ነው። ኒው ዮርክ ላይ በቀረበው ክስ እንደ ተገለጸው፣ አታላዮቹ የብሔራዊ ባንክን ባለሥልጣኖች ፊርማ አስመስለው ሲቲባንክ በፋክስ የሚላክለትን የክፍያ ትእዛዝ እንዲቀበል ጻፉ፤ ለማረጋገጫ የሚደወልላቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥርም አብረው ላኩ። ከባንኩም በተሰጠው ቁጥር ተደወለ፤ ቁጥሮቹ ግን የአታላዮቹ ነበሩ። በዚህ ዓይነት በ24 ትእዛዞች 27 ሚሊዮን ያህል ዶላር ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላከ። የያን ጊዜው መሣሪያ ፋክስ ነበር፤ የዛሬው ኢሜይል ነው፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ትልቅ ባንክ የተታለለበት መንገድ ለአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ አንባቢ ይመዝነው።

አሁን ለንግድ ቤት ባለቤቶች ያለኝን ቃል በአክብሮት ላቅርብ። የሌባው ዋና መሣሪያ ችኮላ ነው። ጸሐፊው ወይም ገንዘብ ያዡ ስልክ ደውሎ ለማጣራት ሲነሣ «ምን ታዘገየናለህ?» ተብሎ የሚገሠጽ ከሆነ፣ በሩን የከፈተው አሠሪው ራሱ ነው። ንግድ ፍጥነት ይፈልጋል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለማጣራት የሚባክነው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ሳያጣሩ የሚከፈለው የዓመት ድካም ሊሆን ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ተብሏል፤ የተላለፈን ገንዘብ ግን መልቀም እንኳ ሁልጊዜ አይቻልም።

ስለዚህ በየንግድ ቤቱ ግልጽ ደንብ ቢወጣ መልካም ነው። የይለፍ ቃል፣ የምሥጢር ቁጥርና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር በደብዳቤም ሆነ በጥሪ ለጠየቀ ለማንም አይሰጥ። ያልተጠበቀ የክፍያ ጥያቄ፣ የባለቤቱን ስም ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ ሁለት ሰዎች ሳያዩት አይከፈል። የተታለለ ሠራተኛ ቢኖር ወዲያው ይናገር፤ የይለፍ ቃሉ ይለወጥ፣ ለባንኩ ወይም ለክፍያው ድርጅት በዚያው ሰዓት ይነገር። ከሥራ እባረራለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ነገሩን ይደብቃል፤ በተደበቀበትም ሰዓት ገንዘቡ እየራቀ ይሄዳል።

አገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አውጥታ እንዲህ ያለውን ማታለል ታስቀጣለች። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ከጥፋት በኋላ ነው፤ ከጥፋት በፊት የሚደርሰው ቆም ብሎ የሚጠይቀው ጸሐፊ ነው። እርሱን የሚያከብር ነጋዴ ገንዘቡን አስጠበቀ ማለት ነው።