ከጣሳው በፊት ፓምፑ ይቅደም

የዚህ ወር ጽሑፌ ለወለዱትና ለሚያጠቡት ነው። ያልወለዳችሁም ግን አንብቡት፣ ነገሩ የሁላችንንም ሳጥን ይነካል።

እንደምታውቁት አንዲት እህት ስትወልድ ማህበራችን ከሳጥኑ አውጥቶ የዱቄት ወተት ይገዛላታል። በጎ ስራ ነው፣ ማንንም ልወቅስ አይደለም። ነገር ግን ገንዘቡ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ለሌላ ነገር ይመስለኛል። አንድ የ400 ግራም ጣሳ ለሦስት ወር ህፃን አራት ቀን ቢሄድ ነው። ሳጥኑ አንድ ሁለት ጣሳ ይገዛል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እናትየው ከደሞዟ ትገፋለች። በህግ የተቀመጠው ዝቅተኛው ደሞዛችን 60 ዲናር መሆኑን ደግሞ አትርሱ። የሰጠናት ጣሳ ሲያልቅ ጡቷም አብሮ ደርቆ ይገኛል። ለምን እንደሚደርቅ ነው ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት።

እዚህ አባሲያ ከተመላላሽ እህቶች የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ «ወተቴ ጠፋ።» አንዷ የሰው ዓይን ነው ትላለች፣ አንዷ ገንፎ ስላላገኘሁ ነው ትላለች፣ ሌላዋ የኩዌት ሙቀት አደረቀው ትላለች። የሚጠፋበት ጊዜ ግን የሁሉም አንድ ነው፤ ስራ በገቡ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሳምንት። ገንፎውማ ስራ ከመግባቷ በፊትም አልነበረም!

ጡት አንዴ ተሞልቶ እንደሚቀመጥ ማሰሮ አይደለም። ሲወጣለት ይሰራል፣ ካልወጣለት ይተዋል። ህፃኑ ሲጠባ ወይ ስትታለቢ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ይነሳና ወተት ይሰራል። ወተቱ ሳይወጣ ተጠራቅሞ ከቆየ ደግሞ ጡት ራሱ ስራውን ይቀንሳል። ትንሽ ህፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ጠዋት 12 ሰዓት አጥብታ ወጥታ ማታ 1 ሰዓት የምትመለስ እናት 13 ሰዓት ሙሉ ጡቷ ሳይነካ ዋለ ማለት ነው። ማታ ደክሟት ልተኛበት ብላ ጣሳውን ታስጠጣዋለች። ሌሊት ደግሞ ፕሮላክቲን ከቀኑ ከፍ የሚልበት ሰዓት ነው። እንዲህ ቀኑም ሌሊቱም ያልፈዋል። በማግስቱ ወተቱ ያንሳል፣ ባነሰ ቁጥር ጣሳው ይጨመራል፣ ጣሳው በተጨመረ ቁጥር ወተቱ ያንሳል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ስራ ቦታ በየሦስት ሰዓቱ 15 ደቂቃ መታለብ ቢቻል ደስ ይላል፣ እኛ ቤት ግን ያ ህልም ነው። ሁለቴ ከተቻለ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ረጅም ከመታለብ ሁለቴ አጭር ይሻላል። ማታ እንደገባሽ ወዲያው አጥቢው፣ ሌሊቱን ጡት ላይ ይደር፣ ጠዋት ስትወጪም አጥብተሽው ውጪ። አርብ እረፍት ያላት ደግሞ አንድ ሰዓት ትመድብ፤ 20 ደቂቃ ታልቦ 10 ደቂቃ እረፍት፣ 10 ታልቦ 10 እረፍት፣ ከዚያ የመጨረሻ 10። የዚያኑ ቀን ለውጥ አትጠብቂ፣ ጡት መልእክቱን ሰምቶ ለመጨመር ቀናት ይፈጅበታል።

ፓምፕ የሌላት በእጇ ትችላለች። እጅ ታጥቦ፣ ጡትን በሞቀ ጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ማሸት። ከዚያ አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ ጥቁሩ ክብ ዳር ላይ። መጀመሪያ ወደ ደረት መግፋት፣ ቀጥሎ መጭመቅ፣ መልቀቅ። ጣት ቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፣ ጫፉንም መጎተት አያስፈልግም፣ ያማል እንጂ ወተት አያወጣም። ፓምፕ ያላት ደግሞ አፉ ለጡቷ ጫፍ ልክ መሆኑን ትይ። ከጠበበ ይቆስላል፣ ከሰፋም በደንብ አይስብም።

ሌላው ፍርሃት ነው። ወተት እንዲወርድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን ስትደነግጪ ይያዛል። «አሁን ማዳም በሩን ታንኳኳ ይሆን» እያልሽ ብትታለቢ ጡትሽ ሞልቶ እያለ ጠብታ ላይወጣ ይችላል። የልጅሽን ቪዲዮ ስልክሽ ላይ ክፈቺ፣ ትከሻሽን ልቀቂ። እኔ ልጄ ሲያለቅስ የቀዳሁትን ድምፅ ነበር የምሰማው፣ ሞኝነት ቢመስልም ይሰራል።

ስለ ማዳም ካነሳሁ ላይቀር፣ እኔ ስራ ስመለስ የነበርኩበት ቤት የምታለበው ሽንት ቤት ውስጥ ይሁን ተባልኩ። ምግብ ነው፣ ሽንት ቤት አይሰራም አልኩና የካውያ ክፍል ተፈቀደልኝ። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥኩት ጡጦ ግን ተደፍቶ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ፣ የተጸየፉኝ መስሎኝ። በኋላ ያስረዱኝ የቤቱ አሮጊት ናቸው። በእስልምና አንድ ህፃን የሌላ ሴት ጡት ወተት ከጠጣ ከልጆቿ ጋር ወንድምና እህት ይሆናል፣ ሲያድጉም አይጋቡም። እኛ አገርም የጡት ልጅ የሚባል አለ አይደል? ማዳም የፈራችው የኔ ጡጦ ከልጇ ጡጦ ጋር እንዳይቀላቀል ነበር። ሙስሊም እህቶቻችን ይሄን ያውቁታል፣ ለኛ ለሌሎቻችን ግን ማንም አይነግረንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጡጦሽ ላይ በአረብኛ ስምሽን አጽፈሽ ለጥፊ፣ በተዘጋ ከረጢት አድርጊ፣ የራስሽን ጥግ ጠይቂ። ፍሪጅ ከተከለከልሽም አይስ ቦክስ ከነበረዶው 24 ሰዓት ያቆይልሻል።

የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ኤሲ የሌለበት ቤትና የሐምሌ አውቶቡስ «ክፍል» አይባሉም፣ ያለ በረዶ እንዳትሞክሩት።

አሁን ሰዓቱን እንዴት ነው የምንጠይቀው? በግል ድርጅቶች ሰራተኞች ህግ፣ ቁጥር 6/2010፣ የወለደች ሴት 70 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች፣ ስራ ከገባች በኋላም ለማጥባት በቀን 2 ሰዓት አላት። ያው ህግ ግን የቤት ሰራተኛን አይመለከትም። የኛው ቁጥር 68/2015 ነው። ከ12 ሰዓት በላይ እንዳንሰራ፣ በመሃል እረፍት እንዲኖረን፣ በሳምንት አንድ ቀን እንድናርፍ ይላል፤ የማጥባት ሰዓት የሚል የለበትም። ባንክ የምትሰራ ማዳም ሁለት ሰዓቷን ወስዳ ስትመጣ ልጇን አቅፋ የምትቀበላት ያቺ የማጥባት ሰዓት የሌላት ሴት ናት። አገራችንም አልተሻለችም፤ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፣ የሰው ቤት ሰራተኛን ግን ውጭ ትቷታል። እንግዲህ ልንይዛት የምንችለው «በመሃል እረፍት» የምትለዋን ቃል ነው። ተጨማሪ ነገር እንደምትለምኝ ሆነሽ አትጠይቂ። «ማዳም፣ እረፍቴን ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ሩብ ሩብ ሰዓት አድርጊልኝ» በያት። ስራ ከመጀመርሽ በፊት ቢሆን ይሻላል፣ ከጀመርሽ በኋላ ከባድ ነው።

ስለ ምግቡም ዝም ብል ትቆጡኛላችሁ። አጥሚቱም ገንፎውም ይበላ፣ ለምታጠባ ሴት በቀን አንድ ምግብ ጨመር ማለት አለበት። አብሽ እዚህ ሞልቷል፤ አረቦቹ ሂልባ፣ የህንዶቹ ሱቅ ሜቲ ይሉታል። አንዳንዷን ይረዳታል፣ አንዳንዷ ምንም አታይም። ስኳር ወይም አስም ያለባት ግን ሐኪም ሳትጠይቅ አትጠጣ። ያልታለበ ጡት ላይ አብሽ ብቻውን ምንም አያመጣም። ውሃም ሲጠማሽ ጠጪ፣ በግድ ሊትር ሙሉ መጋት ወተት አይጨምርም። ከጨመረ ይልቅ የሚቀንስ ነገር ተጠንቀቁ፤ ኤስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መከላከያ ኪኒኖችና አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ወተት ይቀንሳሉ። ፋርማሲ ስትሄዱ «አጠባለሁ» በሉ።

ልጁን የምትይዝልሽ ጎረቤትም ይሄን ትወቅ፤ እስከ 6 ወር ውሃ አይሰጠውም፣ በዚህ ሙቀትም ቢሆን። የጡት ወተት ውስጥ የሚበቃው ውሃ አለ። የስኳር ውሃ ሆዱን ይሞላዋል፣ ማታ ስትመጪ አይጠባልሽም።

ደግሞ «ወተቴ አነሰ» ከማለትሽ በፊት ዳይፐሩን ቁጠሪ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ካረጠበ፣ ክብደቱም ከጨመረ ይበቃዋል። ጡት መለስለሱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በፓምፕ ትንሽ መውጣቱም መለኪያ አይሆንም፣ ህፃን ከፓምፕ የተሻለ ይስባል። ዳይፐሩ ካነሰ ወይ ክብደቱ ከቆመ ግን ክሊኒክ ውሰጂው። ጡትሽ ቀልቶ ትኩሳት ከያዘሽም እንደዚሁ፤ ማጥባቱን ግን አታቁሚ።

ጣሳ የግድ የሚያስፈልጋት አለች፤ ህፃኑ ከእናቱ የተለየ፣ ሐኪም አታጥቢ ያላት። ለነሱ ሳጥኑ ይከፈት፣ ማንም ለምን እንዳትል። ዱቄቱን ለማብቃቃት ግን ውሃ አታብዙበት፣ ልጁ ይጎዳል።

ለሌሎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ለምትወልድ እህት ከስራ መመለሷ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ የእጅ ፓምፕና አንድ አይስ ቦክስ ከሳጥኑ ይገዛላት። ፓምፑ የሷ ብቻ ይሁን፣ ልጇ ጡት ሲተው ለሌላ አይተላለፍም። ወተትም አንዷ ለሌላዋ ልጅ አትስጥ፣ ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ይተላለፋል። ካጠቡት መሃል ሁለት ሦስታችን አርብ አርብ በእጅ ማለብን እናሳያለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጥበታለን። የማትስማማ ካለች ምክንያቷን ጽፋ ትስጠኝ፣ በሚመጣው ወር በዚሁ ገጽ አወጣላታለሁ።